ርግጫ ከመምጣቱ በፊት

ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ ለሚወርድ መንገደኛ ከላንጋኖ በስተግራ ደን የለበሰ የአርሲ ተራራ ይታየዋል፤ ሙነሳ ነው። በዚህ አካባቢ የደጋ አጋዘን በፈቃድ ይታደናል። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን ይህን እንስሳ ሳይንስ ያወቀው አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ከገደለ በኋላ ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ስለሚመዝን አዳኞች ከባድ ጠመንጃ ይዘው ይመጣሉ። ከነዚህ አንዱ 375 ሆላንድ ነው፤ 19 ግራም የምትመዝን አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ርግጫው በጉልበት ሲለካ ከክላሽ አምስት እጥፍ ይሆናል።

አረሩ ወደፊት ሲሄድ ጠመንጃው ወደኋላ ይገፋል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የሚስቱት ግን «ርግጫው አሳተኝ» ሲሉ ነው። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቆየው ከሁለት ሺኛ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያ ቅጽበት ጠመንጃው የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ አያያዝ ካልተለወጠ ያም እንቅስቃሴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ዒላማ ሲስተካከል አብሮ ይታረማል። ትከሻ ምቱን ሲቀበል አረሩ ወጥቶ ሄዷል። የሚያስተው ርግጫውን መጠበቅ ነው፤ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ቀድሞ ይገፋል፣ ጣት ምላጩን ይነጥቃል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት አንድ አንጋፋ የዱር እንስሳት ጠባቂ (ስካውት) ወጣት ባልደረባውን ሲያለማምድ ነው። ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ሳይነግረው ቀላቀለበት። ልጁ ምላጩን ሲስብ ጠመንጃው አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ወረደ።

«ምን አስደነገጠህ? አልተኮሰም እኮ» አለው ሽማግሌው።

«ይመታኛል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጠመንጃውን ተወውና ራስህን ያዝ።»

ከዚያ በኋላ የልምምዱን ጥይት ደጋግሞ አጎረሰው፤ አፈሙዙ ሳይነቃነቅ ምላጭ መሳብ እስኪችል ድረስ እውነተኛ ጥይት አልሰጠውም። ከዚህ የተሻለ ሕክምና አላየሁም። በከባድ ጠመንጃ መጀመር ግን ድንጋጤን በገዛ እጅ መትከል ነው፤ ጀማሪ በትንሽ ጠመንጃ ይልመድ፣ ጆሮውንም ይሸፍን። ከርግጫው እኩል የሚያስደነግጠው ጩኸቱ ነውና።

ክላሽ የያዙም አይዘናጉ። በ1959 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ኤኬኤም በተባለው ክላሽ አፈሙዝ ላይ ያለችው ሰያፍ ቁራጭ ጌጥ አይደለችም። በተከታታይ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ስለሚሸሽ ጋዙን ወደዚያው አውጥታ ወደ ታችና ወደ ግራ ትመልሰዋለች። ፈተው የሚጥሏት ሰዎች ያናድዱኛል።

ሰደፉ ከትከሻ አጥንት ላይ ሳይሆን ከደረትና ከክንድ መካከል ካለው ሥጋማ ጉድጓድ ይግባ፤ ሳይላላም ይጠበቅ። ክፍተት ካለ ጠመንጃው ፍጥነት ሰብስቦ ይመታል። የአርሲ ብርድ ወፍራም ካፖርት ስለሚያስለብስ ሰደፉ የረዘመ ያህል ይሆናል፤ ሜዳ ላይ በሸሚዝ የተለማመደ ሰው ተራራው ላይ አያያዙ ይበላሽበታል። ልምምዱን ካፖርቱን ለብሶ ያድርግ። በመነጽር የሚያነጣጥርም ዓይኑን ስምንት ዘጠኝ ሳንቲሜትር ያርቅ፤ ቀርበው የተኮሱ አዳኞች ቅንድባቸው ተሰንጥቆ ሲደማ አይቻለሁ።