የጂኦግራፊ ትምህርትና የመንግሥት ሠራተኛ

ሰው የቤቱን በርና ጓዳ ሳይለይ ቤቱን አስተዳድራለሁ ቢል ይሳቅበታል። የአገሩን ተራራና ሸለቆ፣ የወንዙን መነሻና መድረሻ፣ የአየሩን ብርድና ሙቀት ሳያውቅ ሕዝብ አስተዳድራለሁ የሚል ሹምም ከዚህ ሰው አይሻልም። ልዩነቱ ቤቱን ያላወቀው ሰው ራሱን ሲጎዳ፣ አገሩን ያላወቀው ሹም ግን ምንም ያላጠፋውን ገበሬ መጉዳቱ ነው። ስለዚህ ለመንግሥት ሥራ ፈተና ስለሚዘጋጁ ወጣቶችና ስለ ጂኦግራፊ ትምህርት ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበናል።

የመንግሥትን ሥራ በዘመድና በአማላጅ ሳይሆን በፈተና መስጠት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥርዓት ነው። የቻይና ነገሥታት ሹማምንታቸውን በፈተና ሲመርጡ 1,300 ዓመት ያህል ኖረው፣ ሥርዓቱ የቀረው በ1897 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞችም ወደ ህንድ የሚልኳቸውን ሹማምንት በውድድር ፈተና መምረጥ የጀመሩት በ1847 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዛሬይቱም ህንድ ለመንግሥት ሥራ የሚወዳደረውን ሁሉ የአገሩንና የዓለምን ጂኦግራፊ ትፈትነዋለች። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም፣ ቅጥር በችሎታና በውድድር እንዲሆን ተደነገገ። ጂኦግራፊም በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ከሚፈተኑባቸው ትምህርቶች አንዱ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀርብለታል።

ፈተና መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎች ለፈተና የሚያጠኑት የተራሮችን ቁመትና የወንዞችን ርዝመት በቃል በመያዝ ብቻ ነው፤ ፈተናው ባለፈ በሳምንቱም ቃሉ ከልባቸው ይጠፋል። በቃል መያዝን አንነቅፍም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤታችን የቆመው በቃል በመያዝ ነውና። ነገር ግን በዚያው ትምህርት ቤት ንባብ ያለ ትርጓሜ ሙሉ ዕውቀት ተብሎ አያውቅም። ተማሪው አስቀድሞ ንባቡን ያቀናል፤ ቀጥሎ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ምሥጢሩን ይሰማል። የጂኦግራፊ ትምህርትም እንዲሁ ሁለት ክፍል አለው። ስለ ዐለቱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ዝናቡ የሚነግረን የተፈጥሮ ጂኦግራፊ ንባብ ነው። በዚያ ምድር ላይ ሰው እንዴት እንደሚያርስ፣ እንደሚነግድ፣ እንደሚሰፍርና እንደሚራብ የሚያስረዳን የየአውራጃው ጂኦግራፊ ግን ትርጓሜ ነው። አንዱን ያለ ሌላው የያዘ ሰው ፈተና ቢያልፍም እንኳ አገር አላወቀም።

ይህ ነገር በምሳሌ እንዲታይ፣ በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እንመልከት። በዚህ አገር ራስ የቆመው ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የወጣው የቀለጠ ዐለት ተነጥፎ ደጋውን መሠረተ፤ ጉናም ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ በዚያው ንጣፍ ላይ በእሳተ ገሞራ የተሠራ ተራራ ነው። ወንዞቹ ይህን ንጣፍ እየቆረጡ ዛሬ የምናየውን ገደልና አምባ አወጡ። እንግዲህ ይህ ንባቡ ነው።

ትርጓሜው የሚጀምረው ዝናቡን ስንከተል ነው። ከጉና ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በርብና በጉማራ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ጣናን ሳያይ በእስቴና በስማዳ ሸለቆዎች በኩል ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ይገባል። ከላይ ጋይንት ደጋ ወደ ሰሜን የሚፈሰው ደግሞ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ስለዚህ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ማሳዎች ላይ የወረደ ዝናብ፣ አንዱ በ2002 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የተከዜ ግድብ፣ ሁለተኛው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሊደርስ ይችላል። ተለያይተውም አይቀሩም፤ ተከዜ አትባራ ተብሎ በሱዳን ምድር ከካርቱም በታች ከዓባይ ጋር ይገናኛል። ከዚህ ደጋ ተጠርጎ የሚወርደው አፈርም ውሃውን ተከትሎ ወደ ግድቦቹ ይጓዛል። ስለዚህ የጉናን ዳገት በእርከንና በዛፍ የሚጠብቅ የቀበሌ ሹም የመንደሩን እርሻ ብቻ ሳይሆን የአገሩንም መብራት ይጠብቃል። ይህን ያወቀ ሠራተኛ እርከን ሲያሠራ ለሪፖርት ብሎ አያሠራም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታ ነው። በስማዳ ደቡብና ምሥራቅ ያለው የዓባይና የበሽሎ ቆላ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በጉና ራስና በበሽሎ ዳር መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ዲግሪ ይበልጣል። አባቶቻችን መለኪያ ሳይኖራቸው ይህን ሁሉ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ለይተውታል። በደጋው ገብስና ድንች፣ በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ በቆላው ማሽላ ይበቅላል። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ መባሉም ስሙ ራሱ የጂኦግራፊ ትምህርት መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ ከዋና ከተማ ተቀምጦ ለወረዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዘርና አንድ የመዝሪያ ቀን የሚያዝ ሹም፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ ሦስት አገር እንዳለ አላወቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ርቀት ነው። ለዚህም ከታሪካችን የሚበልጥ አስረጅ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። በቀጥታ መስመር ቢለካ መንገዱ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ርቀት የወራት ጉዞ ያደረገው የጂዳና የበሽሎ ገደል ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዐለቱን እያስፈለጡ፣ መንገዱን እያሠሩ አለፉ። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው አውራ ጎዳና አለ፤ ከጎዳናው ወጣ ብሎ ያለው ቀበሌ ግን ያንኑ ገደል ይወርዳል፣ ያንኑ ዳገት ይወጣል። በካርታ ላይ በሁለት ጣት ስፋት የተራራቁ ሁለት መንደሮች፣ በመካከላቸው ሸለቆ ካለ የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናሉ። ጤና ጣቢያውን በአንደኛው አቁሞ ሁለተኛው ተጠቃሚ ነው ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ገደል እንድትወርድ ፈረደባት።

ይህን ሁሉ የምንለው ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት እርዳታ ከገባባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። የመሬቱ መራቆት፣ የዳገቱ ብዛትና የዝናቡ አለመታመን ገበሬውን በየጊዜው ለችግር ያጋልጡታል። ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባ ወይም ቀድሞ ቢወጣ፣ በቆላው ያለውን ማሽላ የሚጎዳበትና በደጋው ያለውን ገብስ የሚጎዳበት ጊዜ አንድ አይደለም። እህል መላክ ያለበት ሠራተኛም ክረምቱ መንገዱን ሳይቆርጠው ማሰብ አለበት። የዝናቡን ወራትና የወንዙን ሙላት በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል መልሶ፣ በሥራው ጊዜ ግን እህሉን በሐምሌ የሚጭን ሰው ፈተናውን ወድቋል።

እንግዲህ የሚያጠና ወጣት ምን ያድርግ? አስቀድሞ ከቆመበት ምድር ይጀምር። የ1፡50,000 ካርታ ቢያገኝ አንዱ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር መሆኑን ይወቅ፤ የከፍታውን መስመሮች መቀራረብ አይቶ ገደሉን፣ መራራቃቸውን አይቶ ሜዳውን ይለይ። ቀጥሎ የአንድን ወንዝ መንገድ ከምንጩ እስከ መጨረሻው ይከተል፤ በየከፍታው የሚዘራውን፣ ገበያው የሚቆምበትን ቀንና መንደሩ የተሠራበትን ምክንያት ይጠይቅ። የወረዳ ስምና ወሰን እንደ ዘመኑ ይለወጣል፤ እስቴም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ተከፍሏል፤ ዳገቱና ወንዙ ግን ለማኅተም አይታዘዙም። አንዱን አውራጃ እንዲህ ያጠና ሰው የሌላውን ባሕርይ ለማወቅ አይቸገርም።

ለፈታኞችም የምንለው አለን። ሙሴ ወደ ከነዓን 12 ሰዎች በላከ ጊዜ ያዘዛቸው የተራራ ስም ቆጥረው እንዲመጡ አልነበረም። ምድሪቱ ወፍራም ናት ወይስ ስስ፣ ዛፍ አለባት ወይስ የለባትም፣ ሕዝቡስ በምን ዓይነት ከተማ ይኖራል፤ ይህን አይተው እንዲነግሩት ነበር፤ ነገሩም በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ተጽፎ ይገኛል። እንዲሁም የጉና ቁመት ስንት ነው ብሎ ከመጠየቅ፣ በጉና ግርጌ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች ስለ ምን በአንድ ወር አያጭዱም ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የመጀመሪያውን በቃል የያዘ ሁሉ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን የሚመልሰው ያስተዋለ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ካህናት አባቶቻችን በዚህ ነገር ባዕድ አይደሉም። የጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት በመሆናቸው፣ የቆሎ ተማሪ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሌላውም አገር ዓባይንና በሽሎን በእግሩ እየተሻገረ ይመጣባቸዋል፤ የወንዙን መሻገሪያና የሙላቱንም ወራት ጠንቅቆ ያውቃል። የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ በየትኛው ዓመት በረዶ አዝመራውን እንደ መታ፣ በደብሩ ዙሪያ የቀረው ደን ምን ምን ዛፍ እንዳለው ከደብሩ አገልጋይ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አዲስ የተሾመ ወጣት ወደ ወረዳው በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ እነዚህን አባቶች ይጠይቅ፤ እነርሱም ዕውቀታቸውን አይሰስቱበት። የጽሑፍ ፈተና በአንድ ቀን ያልቃል፤ የገደሉ፣ የዝናቡና የገበሬው ፈተና ግን ሠራተኛው ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ እስኪሰናበት ድረስ በየዕለቱ ይቀርብለታል።