«ትወስዳለች» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?



በቅርቡ አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እናቷን ክሊኒክ ወስዳ ታስተረጉምላቸው ነበር። ነርሷ የደም ግፊት ኪኒን እንደሚያስፈልጋቸው ነገረቻቸው። እናትየዋም «እሺ፣ እወስዳለሁ» አሉ። ልጅቷ «የስ፣ ሺ ቴክስ ኢት» ብላ ተረጎመች። ነርሷ ኪኒኑ ቤት ያላቸው መሰላትና ሳትሰጣቸው ሌላ ታማሚ ጠራች። እናትየዋ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ባያሳዩ ኖሮ ያለ መድኃኒት ይመለሱ ነበር።

ልጅቷ የቃል እጥረት የለባትም፤ ያሳሳታት የአማርኛ ልማዳችን ነው። በእኛ ቋንቋ «ትወስዳለች» የሚለው አንድ ግሥ ሁለት ሥራ ይሠራል። «በየቀኑ ትወስዳለች» ስንል ልማድ ነው፤ «ነገ ትወስዳለች» ስንል ደግሞ ገና የሚመጣ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ አነጋገር አለው፦

1ኛ. ዘወትር ለሚደረግ፦ ሺ ቴክስ (በየቀኑ ትወስዳለች)።
2ኛ. አሁን በመደረግ ላይ ላለ፦ ሺ ኢዝ ቴኪንግ (እየወሰደች ነው)።
3ኛ. ወደፊት ለሚደረግ፦ ሺ ዊል ቴክ (ከአሁን በኋላ ትወስዳለች)።

ስለዚህ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት «ዘወትር ነው፣ አሁን ነው ወይስ ወደፊት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሁለተኛው ችግር የኤስ ፊደል ነው። የአማርኛ ግሥ ሠሪውን በራሱ ይናገራል፦ እሠራለሁ፣ ትሠራለህ፣ ይሠራል። «እኔ» ወይም «እሱ» ባንልም እንግባባለን። የእንግሊዝኛው ግሥ ግን አይ ዎርክ፣ ዩ ዎርክ፣ ዊ ዎርክ፣ ዜይ ዎርክ እያለ ሳይለወጥ ይሄዳል። ስለዚህ ተውላጠ ስሙን ከተዋችሁት ሠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ግሡ የሚለወጠው ሠሪው ሂ፣ ሺ፣ ኢት ወይም ሌላ አንድ ሰው ወይም ነገር ሲሆን ብቻ ነው፦ ሂ ዎርክስ፣ ማይ መዘር ኩክስ። ብዙዎቻችሁ «ቡክስ» ማለት መጻሕፍት ስለሆነ ኤስ ሁሉ የብዙ ቁጥር ይመስላችሁና «ዜይ ዎርክስ» ትላላችሁ። ይህ ስሕተት ነው። በስም ላይ ያለው ኤስ ብዙ ቁጥርን ያሳያል፤ በግሥ ላይ ያለው ግን ለነጠላ ነው።

በጥያቄና በአሉታ ጊዜ ኤሷን «ዳዝ» ይወስዳታል፤ ለግሡ የሚተርፍ የለም። «ዳዝ ሺ ኩክ?» እና «ሺ ደዝንት ኩክ» እንላለን እንጂ «ዳዝ ሺ ኩክስ?» አንልም።

እዚህ ኬንያ ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህች ትንሽ ፊደል በፈተና ላይ ነጥብ ታስቆርጣለች። ከፈተና ውጪ ደግሞ ምን ልታደርስ እንደምትችል ከላይ አይተናል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲያስተረጉሙላችሁ «እወስዳለሁ» ብቻ አትበሉ። «በየቀኑ»፣ «አሁን» ወይም «ከዛሬ ማታ ጀምሮ» ብላችሁ ጊዜውን ጨምሩላቸው። ልጁ ግሡን ቢሳሳት እንኳ ጊዜውን የሚያሳየው ቃል ያድነዋል።

መልመጃ። መልሱን ሸፍናችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦

ሀ. አባቴ ሻይ አይጠጣም።
ለ. እህቴ ውሃ እየቀዳች ነው።
ሐ. ነገ ወደ ክሊኒክ እሄዳለሁ።

መልስ፦ ሀ. ማይ ፋዘር ደዝንት ድሪንክ ቲ። ለ. ማይ ሲስተር ኢዝ ፈቺንግ ዋተር። ሐ. አይ ዊል ጎ ቱ ዘ ክሊኒክ ቱሞሮው።

ሦስቱንም ያገኘ ጎበዝ ነው፤ የተሳሳተም አይፈር፣ ደግሞ ይሞክር። መልካም ጥናት!