የእርሻ መኪናና የገበሬው ድርሻ

በሆሳዕና ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ገለባውን አይጥልም፤ ከጓሮ ከምሮ ከብቱን ይቀልብበታል፤ ከጭቃ ለውሶም ቤቱን ይመርግበታል። በከምባታ ደግሞ ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ስለ ሆነ የእንሰቱ ጓሮ የሚለማው በእጅ ነው። ስለዚህ የቀድሞዎቹን የእርሻ መኪናዎች ለማስታወስ ሰፊ ሜዳ ወዳለው ወደ አርሲ እንሻገራለን።

በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው፣ ካዱ በሚል ስም የታወቀው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. በአሰላ ሥራውን ጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ የስንዴውም ምርት ከፍ አለ። ባለ ርስቱ ትርፉን ባየ ጊዜ ወደ ትራክተር ፊቱን አዞረ። በዚያ ዘመን በዓለም የታወቁት ቀዩ ማሴ ፈርጉሰንና መሰሎቹ፣ ጥማድ በሬ ብዙ ቀን የሚደክምበትን ማሳ በጥቂት ሰዓት ይገለብጡ ነበር። የድርቆሽ ማሰሪያውም መኪና ከትራክተር ኋላ እየተጎተተ የታጨደውን ሣር ከመሬት ያነሣል፤ ጨቁኖ በሲባጎ ካሰረው በኋላ እንደ ጥርብ ድንጋይ አስተካክሎ ይጥለዋል።

ይሁን እንጂ ትራክተሩ ሲገባ ጢሰኛው ወጣ። ብዙ ቤተ ሰብ ከኖረበት ማሳ ተፈናቀለ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም፤ አራሹ በሚያርሰው መሬት ላይ መብት ስላልነበረው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን ሻረ።

እንግዲህ ለልጆቻችን የመኪናውን ጉልበት ስንተርክ፣ ከማሳው የወጡትንም አንርሳ። ወደ መንደራችን አዲስ መሣሪያ ሲመጣ «ምን ያህል ያርሳል?» ከማለታችን አስቀድሞ «ለማን ያርሳል?» ብለን እንጠይቅ።