ከእርሻ የወጣው ሜዳይ

በእንግሊዝ አገር ባለመሬቱን አስፈቅደው በብረት ፈላጊ መሣሪያ እርሻ የሚያስሱ ሰዎች፣ ከጥንት ገንዘብ ጋራ የመታሰቢያ ሜዳይም ያገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ የንግሥት ቪክቶሪያ የ60ኛው ዓመተ መንግሥት መታሰቢያ ነው፤ ትልቁ 56፣ ትንሹ 26 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው። አግኚው በአሸዋ ፈትጎ ሊያጠራው ይቸኩል ይሆናል፤ ይህ ክፉ ልማድ ነው። ሜዳዩን የሚያሳውቀው ጽሕፈቱ ነውና፣ ፊደሉ ከተፋቀ ምስክሩ ይጠፋል።

በአንዱ ገጽ የንግሥቲቱ የወጣትነት መልክና 1837 የሚል ቁጥር ስላለ፣ ሜዳዩ በዚያ ዓመት የተሠራ ሊመስል ይችላል፤ ዓመቱ ግን የነገሡበት ነው። ሲገለብጡት ተከናንበው በእርጅናቸው ይታያሉ፤ በዙሪያቸውም እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1897 የሚለው በሮማውያን አኃዝ፣ ይኸውም በፊደል፣ ተጽፏል። የእኛም የግእዝ አኃዝ ከግሪክ ፊደል የመጣ ስለ ሆነ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

በወጣትነታቸው መልክ ዙሪያ ያለው የላቲን ቃል ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 3 ቁጥር 16 የተወሰደ ነው። ስለ ጥበብ የተነገረውን ለንግሥት መስጠት ድፍረት ሳይሆን አይቀርም። በመጽሐፉ ጥበብ በቀኝዋ ረጅም ዕድሜን፣ በግራዋ ባለጠግነትንና ክብርን ይዛለች፤ በሜዳዩ ላይ ሲቀረጽ ግን ባለጠግነት የሚለው ቃል ተትቷል።