ሌሊት ሥራ፣ ቀን አናቶሚ

አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንትን በአንዴ ብድግ አድርጎ ማቆም አይፈቀድም። በአረጋውያን መጦሪያ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ እግራቸውን አውርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ "ያዞርዎታል?" ብሎ ይጠይቃል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሣል፤ ከዚያ ወገባቸውን ደግፎ ያነሣቸዋል።

ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ግን ሁሉም አይናገረውም። ሰው ከተኛበት ሲነሣ ከደሙ ከፊሉ ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፤ የደም ግፊቱም ይቀንሳል። አንገት ላይ ባለው ካሮቲድ በተባለው ደም ቅዳና ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ፣ ግድግዳ ውስጥ ግፊትን የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ ባሮሪሴፕተር ይባላሉ። ግፊቱ ሲወርድ ወደ አንጎል ግንድ የሚልኩት ምልክት ይሳሳል። አንጎልም በምላሹ የልብን ምት ያፈጥናል፣ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ወጣት ላይ ይህ ሁሉ በሰከንዶች ያልቃል። በሰማንያ ዓመት አዛውንት ላይ፣ ያውም የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ፣ ይዘገያል፤ ምላሹ እስኪደርስ ወድቀው ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል።

ይህ እንዳለ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ ፈተና ጥያቄ ነው። ሥራውን በየሌሊቱ የምትሠራው ሴት ግን ጥያቄውን ወረቀት ላይ ስታገኘው ልትደናገር ትችላለች። እጇ ያውቀዋል፤ ስሙንና ሰንሰለቱን ግን የነገራት የለም።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በእንዲህ ያለ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ሲኤንኤ ለሚባለው የረዳት ነርስነት ሥራ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ ግዛቶች ሊጨምሩበት ይችላሉ። ከዚያ ወደ ነርስነት መሻገር ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ትልቅ ዳገት አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ነው። በቨርጂኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ትምህርቱ "ባዮ 141" እና "ባዮ 142" ተብሎ ለሁለት ሴሚስተር ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ 4 ክሬዲት ነው። በብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ከ"ሲ" በታች የመጣ ውጤት አይቆጠርም፤ አመልካች በሚበዛበት ደግሞ "ሲ" ራሱ ብዙም ተስፋ አይሰጥም። ቲስ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና የሚጠይቁም አሉ፤ በዚያም ፈተና የሳይንሱን ክፍል ትልቅ ድርሻ የሚይዘው የሰው አካል ነው።

ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። ንግግሩና ላብራቶሪው ሲደመር በሳምንት ስድስት ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ መገኘት ግድ ነው። ኮሌጆች ለእያንዳንዱ ክሬዲት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጥናት ይመክራሉ፤ ስለዚህ ስምንት ሰዓት ይጨመራል። በዚህ ላይ 40 ሰዓት ሥራ ሲደመር 54 ይሆናል። መንገዱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ገና አልተቆጠሩም። ለቅሶውስ? "ፈተና አለብኝ" ብሎ ከለቅሶ ቤት መቅረት በሐበሻ ዘንድ እስከ ዛሬ ተቀባይነት ያለው ምክንያት አይደለም።

በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ 206 አጥንቶች አሉ። ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው እያንዳንዱ አጥንት ጉብታ፣ ጎድጓዳ፣ ቀዳዳና ሸንተረር ያለው፣ እነዚህም በላቲንና በግሪክ ስም የሚጠሩ መሆናቸው ነው። በላብራቶሪው ፈተና ዕለት ጠረጴዛዎቹ ላይ አጥንቶችና የፕላስቲክ ሞዴሎች ይደረደራሉ፤ የሚጠየቀው ቦታ ላይ ቁጥር ይለጠፋል። ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ፤ አንዱ ላይ የሚቆሙት ለአንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። እነሆ የጭን አጥንት። ፌመር እንደሚባል ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ጥያቄው ግን የቀኝ ነው ወይስ የግራ የሚል ነው። ክብ የሆነው የአጥንቱ ራስ ወደ ሰውነት መሃል ይዞራል፤ ሊኒያ አስፐራ የተባለው ረጅም ሸንተረር ደግሞ ከኋላ በኩል ይውላል። አጥንቱን አንሥቶ ከራሱ ጭን ጎን የያዘ ሰው መልሱን ወዲያው ያየዋል። ሥዕሉን መጽሐፍ ላይ ብቻ ያየ ሰው ደቂቃው ያልቅበታል። ላብራቶሪው ከክፍል ሰዓት ውጪ ክፍት የሚሆንበት ኮሌጅ ከሆነ፣ እዚያ ከአጥንቱ ጋር የሚጠፋው አንድ ሰዓት ቤት ውስጥ ከሚነበበው ሦስት ሰዓት ይሻላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ስለተማረ ቃላቱ ሁሉ እንግዳ አይሆኑበትም። ይዞት የሚመጣው አንድ ልማድ ግን ያሰናክለዋል፤ ሽምደዳ። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ማንበብ፣ በቢጫ ማቅለም፣ እንደገና ማንበብ፣ እንደገና። ጊዜ የተትረፈረፈው ተማሪ በዚህ ብዙም አይጎዳም። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ግን ያለችውን ሰዓት የሚያቃጥለው በዚህ ነው።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን ያሳያል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ተሰጣቸው። አንዱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው ዘጉትና ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡትን 42 በመቶ፣ ዘግተው የጻፉትን 56 በመቶ አስታወሱ። የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል። ደግሞ ማንበብ ወዲያው "ገብቶኛል" የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ፈተናው ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ስለዚህ በሥራ ቦታ ዕረፍት ላይ የምትገኘው ግማሽ ሰዓት ትርጉም ታገኛለች። ለዚያ ያን ሁሉ ኪሎ የሚመዝን መጽሐፍ መሸከም አያስፈልግም። አንድ ናፕኪንና እስክሪብቶ ይበቃል። ደም በልብ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ምንም ሳያዩ መጻፍ ነው፦ ከቀኝ ኤትሪየም በትራይከስፒድ ቫልቭ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ግራ ኤትሪየም፣ በማይትራል ቫልቭ ወደ ግራ ቬንትሪክል፣ ከዚያ ወደ አኦርታ። የተሳሳተውን በስልክ ላይ አይቶ ማረም፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከባዶ መጀመር። ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የኦፕንስታክስ የአናቶሚና ፊዚዮሎጂ መጽሐፍ በስልክ በነፃ ስለሚነበብ መልስ ማየት ችግር አይሆንም። በካርድ ማጥናት የሚወዱ ሰዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ስልት ነው፤ የከበደው ካርድ ቶሎ ይመለሳል፣ የቀለለው ይዘገያል። አንኪ የተባለው መተግበሪያ ይህን ቀጠሮ ራሱ ይይዛል። ካርዱን ለልጅ ሰጥቶ "ጠይቀኝ" ማለትም አለ፤ ልጆች እናታቸው ስትሳሳት ማየት ስለሚያስደስታቸው ርኅራኄ የላቸውም።

ይህ ሁሉ ለስሞቹ ነው። ፊዚዮሎጂው ግን በካርድ አይያዝም፤ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነው። እዚህ ላይ ሠራተኛዋ ሥራ ከሌለው ወጣት ተማሪ የምትበልጥበት ነገር አላት።

ኩላሊትን እንውሰድ። ነፍሮን የተባለው የኩላሊት ማጣሪያ በተማሪ ዘንድ የሚፈራ ምዕራፍ ነው። ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ ከ99 በመቶ በላዩን መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው። አሁን መጦሪያው ውስጥ እግራቸው ያበጠውን፣ ልባቸው የደከመውን አዛውንት እናስብ። ጠዋት ነርሷ ላሲክስ የተባለ መድኃኒት ትሰጣቸዋለች። ሰዓት ሳይሞላ የጥሪው ደወል ይጮኻል፤ ሽንት ቤት ውሰዱኝ ነው። መድኃኒቱ ሄንሌ በተባለው የነፍሮን ቀለበት ላይ ጨው ወደ ደም እንዳይመለስ ይከለክላል፤ ውሃም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ፖታሲየምም አብሮ ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ የልብ ምት ሊዛባ ስለሚችል ሐኪሙ በየጊዜው ደም ያስመረምራል። ሲኤንኤዋ ሽንቱን በሚሊ ሊትር ለክታ መዝግባለች፣ እግሩን ጠዋትና ማታ አይታለች፣ ክብደቱን መዝናለች። ምዕራፉ ውስጥ ያሉት ቀስቶች በሙሉ አንድ ፈረቃ ውስጥ አልፈውባታል። አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥም እንደዚሁ ነው፤ የሳክረም አጥንትና ተረከዝ ላይ ቆዳው በአጥንትና በፍራሽ መካከል ሲጨመቅ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ፣ ኦክስጅን ያጣው ሥጋ ይሞታል። የቆዳ፣ የአጥንትና የደም ዝውውር ምዕራፎች አንድ ቁስል ላይ ይገናኛሉ።

ዊሊያም ሃርቪም ቢሆን ከሥራው ነፃ ወጥቶ የተቀመጠ ተመራማሪ አልነበረም። ለንደን በሚገኘው የቅዱስ በርቶሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ነበር፤ ነገሥታትንም ያክም ነበር። በ1628 ደም በአካል ውስጥ እንደሚዞር ያስረዳበት መከራከሪያ ቀላል ማባዛት ነው፤ ልብ በአንድ ምት የሚረጨውን ደም በምቶቹ ቁጥር ሲያበዛው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከመላው አካል ደም የሚበልጥ ሆነበት። ያን ሁሉ ደም ከምግብ ማምረት አይቻልም፤ እየተመለሰ መሆን አለበት። በዛሬው ቁጥር በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 70 ምት ቢባል 5 ሊትር ገደማ ይመጣል፤ ይህም አዋቂ ሰው ያለው ደም በሙሉ ማለት ነው። ይህን ማባዛት አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ተማሪ ካርዲያክ አውትፑት (ልብ በደቂቃ የሚረጨው ደም) የሚለውን ጥያቄ ዳግመኛ አይስተውም።

ሠራተኛ ተማሪ ሰዓት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆርጠው እንቅልፉን ነው፤ የሚከፍልበትም እዚያው ነው። ቀን የተማርነው ነገር የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ዋና ሚና አለው። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ሠርቶ በቀጥታ ወደ ክፍል የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላም አደጋ አለበት። ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለው ሰው ጋር እንደሚመሳሰል ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህ ሰው መኪና ይነዳል። ቡና ያግዛል፤ ካፌይን አዴኖሲን የተባለው የድካም ኬሚካል የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል፤ ኬሚካሉን ግን አያጠፋውም። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት በኋላም በደም ውስጥ ስለሚቆይ የፈረቃው መጨረሻ ላይ የሚጠጣ ቡና የቀኑን እንቅልፍ ይበላል። ሦስተኛው ስኒ በረካ ቢሆንም፣ አንጎል ይህን በረከት አይቀበለውም።

"ዕድሜዬ ሄዷል፣ አእምሮዬ አይቀበልም" የሚሉ አሉ። ለንደን ውስጥ የታክሲ ፈቃድ የሚፈልጉ ሰዎች በከተማዋ መሃል ዙሪያ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃላቸው መያዝ አለባቸው፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ እየሠሩ ለዓመታት ያጠናሉ። ኤሌኖር ማጓየርና ካትሪን ዎሌት በ2011 ባሳተሙት ጥናት 79 ሠልጣኞችን ይዘው ጀመሩ፤ አንጎላቸውንም በኤምአርአይ አነሡ። ፈቃዱን ያገኙት 39 ነበሩ፤ በእነዚህ ላይ የሂፖካምፐስ የኋለኛው ክፍል ጨምሮ ተገኘ። ፈቃዱን ሳያገኙ በቀሩትና ጭራሹኑ ባልሠለጠኑት ላይ ለውጥ አልታየም። ሁሉም ሲጀምሩ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ።

የገንዘቡና የምዝገባው ነገርም አለ። የአሜሪካ የግብር ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ቢከፍል ከግብር ነፃ ያደርገዋል፤ ሆስፒታሎችና መጦሪያዎች ይህን ዕድል ሲሰጡ ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤትና ከትምህርቱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አብሮ መሥራትን ይጠይቃሉ። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው በአንድ ሴሚስተር ከዚህ ትምህርት ሌላ ከባድ ነገር ባይጨምር ይመረጣል። የበጋው ኮርስ ያጓጓል፤ ያው ይዘት በግማሽ ጊዜ ስለሚሰጥ ግን የሳምንቱ ሸክም እጥፍ ይሆናል። ማዘግየትም ወሰን አለው። ብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውጤትን ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ ከቆየ አይቀበሉም፤ "ባዮ 141"ን አልፎ ቀሪውን ላልተወሰነ ጊዜ የተወ ሰው አጥንቶቹን እንደገና ከአንድ ሊቆጥር ይችላል። ከመመዝገብ በፊት የሚገቡበትን ትምህርት ቤት የዓመት ገደብ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን መያዝ ይበጃል።