የቡና ቁርስ ከጆርጂያ፦ ስኳር የለበሰ ፔካንና ኦቾሎኒ

አሜሪካኖች «ሳውዝ» ወይም ደቡብ ሲሉ የካርታውን ታችኛ ክፍል በሙሉ ማለታቸው አይደለም። ጆርጂያን፣ አላባማን፣ ሚሲሲፒን፣ ሉዊዚያናን፣ ሁለቱን ካሮላይናዎችና ጎረቤቶቻቸውን ነው። ጥጥ፣ ትምባሆና ሸንኮራ በባሪያ ጉልበት ይመረትበት የነበረ አገር ነው። ምግቡም ከሌላው አሜሪካ ለየት ይላል፤ ቅባት አይፈራም፣ ስኳር አይሰስትም። የጆርጂያ ዋና ከተማ አትላንታ የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ስለሆነች፣ ከዚያ የመጣ ዘመድ ያለው አንባቢ ከሻንጣው በቆርቆሮ የታሸገ፣ ቡናማና የሚያብረቀርቅ፣ ጣዕሙ ጣፋጭም ጨዋማም የሆነ የቡና ቁርስ ሲወጣ አይቶ ይሆናል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው። እንዴት እንደሚሠራ፣ በአገራችን ኦቾሎኒ እንዴት እንደሚተካ፣ እንዲሁም ነርስነቴ አላስቀምጥ ስላለኝ ለማን እንደማይሰጥ አጫውታችኋለሁ።

አስቀድመን በስሙ እንስማማ። «ለውዝ» የሚለው ቃላችን ያደናግራል። አንዱ ኦቾሎኒን ለውዝ ይለዋል፣ ሌላው ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን አልመንድ። ስለዚህ እዚህ ኦቾሎኒውን ኦቾሎኒ፣ የአሜሪካኑን ፔካን እያልኩ እቀጥላለሁ። ፔካን የዛፍ ፍሬ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ላዩ የተሸበሸበ፣ በተፈጥሮው ቅባት የበዛበት። ኦቾሎኒ ግን ከአፈር ውስጥ የሚቆፈር፣ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው።

ፔካን የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው። በሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ፣ በቴክሳስና በሰሜን ሜክሲኮ በዱር ይበቅላል። ስሙ የመጣው ከነባሮቹ ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን በድንጋይ የሚሰበር ፍሬ እንደማለት ነው። የዚህ ዛፍ አስቸጋሪ ጠባይ፣ ጥሩ ፍሬ ከሰጠው ላይ ዘር ወስደው ቢተክሉ የሚበቅለው እንደ እናቱ አለመሆኑ ነው። ይህን ችግር በተግባር ከፈቱት ሰዎች ቀዳሚው በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። በሉዊዚያና፣ ኦክ አሊ በሚባለው የሸንኮራ እርሻ አትክልተኛ የነበረው አንትዋን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ከምርጡ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቆረጠ በሌላ ግንድ ላይ በማጣበቅ 16 ዛፎችን አበቀለ። የዚያ ዝርያ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያው ታላቅ ኤግዚቢሽን ቀርቦ ተሸለመ። በመዝገብ የቀረልን አንትዋን የሚለው ስሙ ብቻ ነው። ገና በመጣ ቁጥር ያንን ቆርቆሮ የሚከፍት ሁሉ ይህን ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ፍሬን በስኳር መሸፈኑን ወደ ኒው ኦርሊንስ ያመጡት ፈረንሳዮች ናቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአገራቸው አልመንድን በስኳር እያነጠሩ «ፕራሊን» ይሉት ነበር። አዲሱ አገር ላይ አልመንድ እንደልብ ሲታጣ ፔካን ተተካ፣ ወተትና ቅቤም ተጨመረበት። በከተማይቱ ጎዳናዎች እየዞሩ ይሸጡት የነበሩት ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ነፃ የወጡ፣ አንዳንዶቹ ገና በባርነት ያሉ። እኔ እነሱን ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጡት ሰፌዳቸውን ይዘው መንገድ ዳር የሚቀመጡት የእኛ ቆሎ ሻጮች ናቸው።

የኦቾሎኒው መንገድ ደግሞ ረዥም ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ፖርቱጋሎች ወደ አፍሪካ ወሰዱት፤ ከአፍሪካ ደግሞ በባሪያ መርከቦች ወደ አሜሪካ ደቡብ ተሻገረ። እዚያ ገበሬዎች ዛሬም «ጉበር» ሲሉት ይሰማል፤ ቃሉ «ንጉባ» ከሚለው የኮንጎ ቋንቋ የመጣ ነው። በአላባማ የተስኪጊ ተቋም መምህር የነበሩት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1916 ኦቾሎኒን በ105 ዓይነት መንገድ ለምግብ ማዘጋጀት እንደሚቻል የሚያሳይ መጽሔት አሳተሙ። ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተርም በጆርጂያ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦቾሎኒ አምራች ነበሩ። እኛ የጤና ሠራተኞች ግን ካርተርን የምናውቃቸው ከኦቾሎኒያቸው ይልቅ በጊኒ ዎርም ዘመቻቸው ነው፤ ድርጅታቸው ጋምቤላ ድረስ ደርሷል።

አሁን ወደ ምድጃው። ልጄን ላርስ ሄጄ አትላንታ አካባቢ በሰነበትኩበት ክረምት፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት በየታኅሣሡ ፔካን ጠብሰው ለመንደሩ ያድሉ ነበር። ኩሽናቸው ገብቼ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ያኔ የገረመኝ ፍሬው ከመጠበሱ በፊት መቀቀሉ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው አንዱን ጥሬ ፍሬ ሰጥተው «ቅመሽው» አሉኝ፤ ላዩ ምላስ ያኮማትራል። መቀቀሉ ያንን ምሬት ያወጣል፤ በዚያ ላይ ትኩሱና እርጥቡ ፍሬ ስኳሩን ያቀልጠዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ኩባያ፣ ማለትም 400 ግራም ያህል፣ ለሁለት የተከፈለ ፔካን በፈላ ውኃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። በወንፊት ይጠለልና በትኩስ ውኃ ለቅለቅ ይደረጋል። ከዚያ ሳይበርድ በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ግማሽ ኩባያ ስኳር ይነሰነስበትና ስኳሩ እስኪቀልጥ ይማሰላል። ጥልቀት ባለው ብረት ድስት ዘይት ይጣዳል፤ ሙቀቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን። መለኪያ የሌለው አንድ ፍሬ ጣል ያድርግበት፤ ዙሪያውን ወዲያው አረፋ ካወጣና ቶሎ ካልጠቆረ ደርሷል። ጭስ ካወጣ ግን በጣም ግሏል። ፔካኑን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር፣ እያማሰሉ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ መጥበስ፣ ወርቃማ ቡናማ ሲሆን በቀዳዳ ጭልፋ ማውጣት ነው። ከድስቱ ከወጣም በኋላ መጥቆሩን ስለሚቀጥል ትንሽ ቀደም ብሎ ማውጣቱ ይሻላል። ሶፍት ላይ ግን አታውጡት፤ ስኳሩ ሲደርቅ ወረቀቱን ይዞ ይቀራል። ወንፊት ላይ ይንጠፍጠፍ፣ ጨው ይነስነስበት፣ ከዚያም ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ተራርቆ ይበተን። ቻይናዎችም ይህንኑ አሠራር በሌላ ፍሬ፣ በዎልነት፣ ይሠሩታል።

ፔካን በእኛ ገበያ እንደልብ የሚገኝ አይደለም፤ ቢገኝም ለቡና ቁርስ የሚደፈር አይመስለኝም። የባቢሌ ኦቾሎኒ እያለን ምን አስጨነቀን? ለኦቾሎኒ ደግሞ የሚስማማው ዘይት የማይፈልገው የደቡቦቹ ሌላኛው ዘዴ ነው። ሁለት ኩባያ ጥሬ ኦቾሎኒ ከነቀይ ልባሱ፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ አንድ ላይ ወፍራም መጥበሻ ላይ ይጣዳል። በመካከለኛ እሳት እያማሰሉ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ቀጭን ሽሮፕ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይወፍራል። ከዚያ ድንገት ደርቆ አሸዋ የመሰለ ነገር ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ያወርደዋል። አልተበላሸም፤ ውኃው ተንኖ ስኳሩ ወደ ቅንጣትነቱ ተመልሶ ነው። እሳቱን ቀነስ አድርጎ ማማሰሉን መቀጠል ነው። አሸዋው እንደገና ይቀልጥና ኦቾሎኒውን ቡናማ አድርጎ ያለብሰዋል። ይህን ጊዜ ጨውና ቀረፋ ጣል ይደረግበታል። ደቡቦቹ የሚያቃጥል ቃሪያ ዱቄት የሚጨምሩበት አለ፤ እኔ በሚጥሚጣ ሞክሬዋለሁ፣ ከሁሉም እርሱን እመርጣለሁ። በዘይት የተቀባ ትሪ ላይ ገልብጦ በሁለት ሹካ መለያየት ነው። ቅቤም ወተትም ስለሌለው ለጾም ይሆናል። ፕራሊኑ ግን የፍስክ ነው።

ፕራሊን ልሞክር ለሚል ሰው አንድ ነገር ልንገር፤ የውጭ መጻሕፍት ይህን አይነግሩንም። አሜሪካኖቹ ስኳሩን፣ ቅቤውንና ወተቱን እስከ 114 ዲግሪ ያፈሉታል። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ 8 ዲግሪ ያህል ቀንሶ በ106 ማውረድ ያስፈልጋል። እንደ መጽሐፉ ከጠበቁ ድንጋይ ይሆናል። ፔካኑንም ሲቀቅሉ አንድ ደቂቃ መጨመር አይጎዳም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እባካችሁ አትዝለሉት።

የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውኃ የከፋ ያቃጥላል። ሙቀቱ ከ150 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ያውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል እንጂ አይፈስም። ልጆች ከኩሽና ይውጡ፣ የመጥበሻው እጀታ ወደ ግድግዳ ይዙር። ጣት ከተቃጠለ ወዲያው ከቧንቧ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ ማቆየት ነው። የተጣበቀውን ስኳር አትላጡት፣ ቆዳውን ይዞ ይነሳል። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቲማቲም አይቀባም፤ በሥራ ዘመኔ ቁስል ከማጠቤ በፊት ይህን ሁሉ ስጠርግ ነው የኖርኩት። ዘይቱ እሳት ከያዘ ደግሞ ውኃ አይደፋበትም፤ ምድጃውን ማጥፋትና ድስቱን በክዳኑ መድፈን ነው።

ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አይሰጥም፤ ፔካንም ሆነ ኦቾሎኒ፣ በስኳርም ሆነ ያለ ስኳር። ሕጻናት የሚያላምጡበት መንጋጋ ገና አልተሟላም፤ ሲስቁና ሲሮጡ ደግሞ ይበላሉ። አንድ ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ሦስት ሳምንት ያስቆጠረ ሳል ይዞ ወደምሠራበት ክፍል መጣ። የሳንባ ምች ተብሎ ሁለት ዙር መድኃኒት ወስዷል፣ አልተሻለውም። ሲደመጥ የሚያፏጨው አንዱ ሳንባ ብቻ ነው። ሐኪሙ እናቱን «ሳሉ የጀመረ ዕለት ምን እየበላ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። አሰበችና «ኦቾሎኒ፣ ትን ብሎት ነበር፤ ግን ወዲያው ተሻለው» አለች። ወደ ሪፈራል ተላከና ከቀኝ ሳንባው ቱቦ ግማሽ ፍሬ ኦቾሎኒ በመሣሪያ ወጣለት። ዳነ። ይህን የማነሳው «ወዲያው ተሻለው» የሚለው ቃል አታላይ ስለሆነ ነው። ፍሬው ከጉሮሮ ወደ ሳንባ ሲወርድ ልጁ የዳነ ይመስላል። ትን ካለው በኋላ ሳል የቆየበትን ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ ይህንን ራሳችሁ ተናገሩ፣ እስክትጠየቁ አትጠብቁ።

ልጁ በኃይል እየሳለ ከሆነ እንዲስል ተዉት። ድምፅ ማውጣትና መተንፈስ ካቃተው ግን ወደፊት አጎንብሱትና በእጃችሁ መዳፍ ሥር በትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ጡጫችሁን ከእምብርቱ በላይ ከጎድን አጥንቱ በታች አድርጋችሁ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ፤ እስኪወጣ አፈራርቁ። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ሆዱ አይነካም። በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ጀርባውን 5 ጊዜ መምታት፣ ከዚያ ገልብጦ የደረቱን መሃል በሁለት ጣት 5 ጊዜ መጫን ነው። የማይታይን ነገር በጣት አትፈልጉ፤ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋል። ልጁ ራሱን ከሳተ የልብና የመተንፈስ እርዳታ እየሰጣችሁ ሰው ወደ አምቡላንስ ይደውል።

ኦቾሎኒ ስትገዙ ደግሞ ለቀማው ላይ አትቸኩሉ። የተጨማደደ፣ ቀለሙ የተለወጠ፣ ሻጋታ የነካው ወይም የሚመርር ፍሬ ተለቅሞ መጣል አለበት። በእርጥበት የተቀመጠ ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያወጣ ሻጋታ ያበቅላል። መርዙ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ በኦቾሎኒ መኖ ምክንያት 100 ሺህ ያህል ተርኪዎች ካለቁ በኋላ ነው። ጉበትን ይጎዳል፣ ከዘመን ብዛትም የጉበት ካንሰር ያመጣል። ከምሥራቅ ሐረርጌ በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ መገኘቱንም የአገራችን ተመራማሪዎች ዘግበዋል። መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። በስኳር የለበሰ ፍሬ ደግሞ ጉድለቱ አይታይም፤ መንገድ ላይ ከምገዛው ራሴ ለቅሜ የሠራሁትን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ስኳር ላለበት ሰው ሂሳቡን ልንገር። ከላይ ባልኩት መጠን ከተሠራው ኦቾሎኒ 100 ግራሙ ውስጥ 40 ግራሙ ስኳር ነው። አንድ ጭብጥ 30 ግራም ቢሆን 12 ግራም፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ያለ ስኳር የተቆላው ኦቾሎኒ ግን በ100 ግራም 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለውና የደም ስኳርን ቶሎ ስለማይጨምር ጥሩ የቡና ቁርስ ነው። እንግዳ ስጠራ ሁለቱንም ለየብቻ በሳህን አቀርባለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደግሞ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ኦቾሎኒ ሲበላ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ሰውነቱ የሚያሳክክ ወይም ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ካለ ሁለቱንም አይቅመስ።

የተረፈውን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ያለሰልሰዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ብልቃጥ ከተቀመጠ ኦቾሎኒው ሁለት ሳምንት ሳይለሰልስ ይቆያል። በዘይት የተጠበሰው ፔካን ግን ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ በሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል።