በዓይን እንጂ በእጅ የማይጎበኝ ሀብት

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ይሁን እንጂ ያላዩትን አገር በንባብ መጎብኘት ይቻላልና፣ ለአንድ ቀን በካሪቢያን ባሕር በሚጓዝ የሽርሽር መርከብ ላይ እንደ ተሳፈራችሁ ቁጠሩ። መርከቡ ማለዳ ከሴንት ቶማስ ወደብ ይደርሳል፤ እናንተም በጀልባ ተሻግራችሁ ሴንት ጆን ወደ ተባለችው ጎረቤት ደሴት ትሄዳላችሁ። ሁለቱም በአሜሪካ ግዛት ሥር ያሉ የቨርጂን ደሴቶች ናቸው። ዛሬ ከሴንት ጆን ምድር ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1956 ተቋቋመ፤ በ1962 ደግሞ በዙሪያው ካለው ባሕር ከፊሉ ተጨመረበት።

ትራንክ ቤይ ከተባለው አሸዋማ ዳርቻ ስትደርሱ፣ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን የመስተዋት ጭንብል ታጠልቃላችሁ፤ ስኖርክል የሚባለውን የመተንፈሻ ቱቦ አንዱን ጫፍ በአፋችሁ ትይዛላችሁ። ሌላው ጫፍ ከውሃው በላይ ስለሚቆም፣ በደረታችሁ ተንሳፋችሁ ቁልቁል እያያችሁ ትተነፍሳላችሁ። ውሃ ወደ ቱቦው ቢገባ በኃይል እፍ ብላችሁ ታስወጡታላችሁ። ብቻውን የሚዋኝ ረዳት የለውምና፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ።

ከበታቻችሁ የሚታየው ድንጋይ መሳይ ነገር ኮራል ይባላል። ኮራል ድንጋይም ዕፅም አይደለም፤ እጅግ ብዙ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት መንደር ነው። እንስሳቱ ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየሠሩ ቤታቸውን ይገነባሉ። በአካላቸው ውስጥም ዕፅ መሰል ደቃቅ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ እነርሱም በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጁ ባለቤቱን ይመግባሉ። ድቡልቡሉ የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡ! የሰው ቁመት ያህል ለመሆን ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀውን ኮራል፣ አንድ ዋናተኛ በአንድ ርግጫ ሊጎዳው ይችላል።

ዳርቻውም ቢሆን የኮራል ውለታ አለበት። ምንቃሩ የበቀቀንን የሚመስል አንድ የዓሣ ዓይነት የኮራሉን ድንጋይ እየጋጠ ያደቅቃል፤ ያደቀቀውንም ነጭ አሸዋ አድርጎ ከሆዱ ያወጣዋል። ኮራሉ ደግሞ ማዕበሉን እየሰበረ ያ አሸዋ ተጠርጎ እንዳይሄድ ይከላከላል። ስለዚህ ኮራሉ ሲሞት ዳርቻውም ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የባሕሩ ሙቀት ከመጠን በላይ በመጨመሩ፣ ኮራሎቹ በውስጣቸው ያሉትን ዕፅ መሰል ፍጥረታት አጥተው ነጡ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። በ2020 ደግሞ ኮራልን ይጎዳሉ የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉባቸው የፀሐይ መከላከያ ቅባቶች በደሴቶቹ በሕግ ታገዱ። የባሕሩን ሙቀት አንድ እንግዳ ሊያበርደው አይችልም፤ እጁንና እግሩን መሰብሰብ ግን ይችላል።

ከባሕር ወጥታችሁ በዳርቻው ስትንሸራሸሩም ይህንኑ አትርሱ። በዚያ የሚበቅለው ማንቺኒል የተባለ ዛፍ ትንሽ ፖም የሚመስል ፍሬ ያፈራል፤ ፍሬው መርዝ ነው፤ ወተት መሳይ ፈሳሹም ቆዳን ያቃጥላል። በባሕሩ ውስጥ የእናንተ እጅ ይጎዳል፤ በዳርቻው ደግሞ እጃችሁ ይጎዳል። በሁለቱም ስፍራ ዓይን ይጥገብ፣ እጅ ይታቀብ።

መልመጃ

1. ኮራል ድንጋይ አይደለም የተባለው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ ውስጥ «ስለዚህ» የሚለው ቃል የትኛውን ምክንያት ከየትኛው ውጤት ጋር ያያይዛል?
3. በአካባቢያችሁ ሊጠበቅ የሚገባውን አንድ የተፈጥሮ ሀብት መርጣችሁ፣ ምክንያትንና ውጤትን የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።